ፍጥነቱ ይቅር፣ ጣት ይትረፍ!

ከ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ፎቶዎች ሁሉ በየካፌው፣ በየታክሲው፣ በየሞባይሉ ሲዞር የከረመው የአንድ ቱርካዊ ተኳሽ ፎቶ ነበር። ሰውየው ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ተራ የዓይን መነፅሩን አድርጎ፣ ኦሎምፒክ ላይ የቆመ ሳይሆን ሰፈር ውስጥ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ይመስላል። ዩሱፍ ዲኬች ይባላል። ከአጋሩ ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በድብልቅ ቡድን የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ያን ሰሞን ከኳስ ውጪ ስፖርት ያለ የማይመስለው ደጋፊ ሁሉ የተኩስ ተንታኝ ሆኖ ነው የሰነበተው።

ነገር ግን ዲኬች የተኮሰው በአየር ግፊት በሚሠራ ሽጉጥ፣ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ባሩድ የለ፣ ቀለህ የለ። ይህ ገፅ ዛሬ ሊያነሳው የፈለገው ሌላኛውን የተኩስ ስፖርት ነው፤ ባሩድ የሚሸትበትን፣ ስፖርተኛው ጥይቱን ራሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያዘጋጅበትን። አገሩ አሜሪካ ነው። በዚያ አገር ይህን ስፖርት የያዘ ሰው ምሽቱን ምድር ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ያሳልፋል። የተተኮሰ ቀለህ ያፀዳል፣ ይለካል፣ መልሶ ይሞላል። እዚህ ሥራ ውስጥ ደግሞ አንድ ትንሽ የሚመስል፣ ግን ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ምርጫ አለ፤ ፕራይመር መክተቻው የቱ ይሁን? የሚለው።

ወደ መሣሪያው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ግልፅ ይሁን። በአሜሪካ አንድ ሰው ለራሱ መተኮሻ የሚሆን ጥይት ቤቱ ቢሞላ የፌደራል ሕጉ ፈቃድ አይጠይቀውም፤ ፈቃድ የሚጠየቀው ሊሸጥ ሲነሳ ነው። በእኛ አገር ነገሩ ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያንም ጥይትንም የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለማንም ሰፈር የእጅ ሥራ ማስተማሪያ አይደለም። የሚመለከተው በዚያ አገር ሕግ ይህን ስፖርት የያዘውን ሰው ነው። ከዚያም ባለፈ ስፖርት ውስጥ ዕቃ እንዴት ይመረጣል ለሚለው ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ ስለሆነ የኳስ ሰውም ቢያነበው አይከፋም።

እንዲህ እናስበው። ኤፍ ክላስ የሚባለው የረጅም ርቀት ውድድር ላይ ተኳሹ ሆዱ ተኝቶ ጠብመንጃውን ድጋፍ ላይ አሳርፎ 1,000 ያርድ ርቆ ያለ ዒላማ ይመታል። 1,000 ያርድ ማለት 914 ሜትር ነው። የኳስ ሜዳ በቁመቱ እያስከተላችሁ ደርድሩ፤ ዘጠኝ ሜዳ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። እዚያ ማዶ ያለው፣ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 10 ኢንች፣ በእኛ ልክ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእግር ኳስ ስፋት ደግሞ 22 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እንግዲህ ዘጠነኛው ሜዳ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ኳስ መምታት ነው ጨዋታው። እሱም አልበቃ ብሎ፣ እኩል ነጥብ ያመጡትን የሚለያየው ውስጠኛው ክብ የዚያ ግማሽ ነው።

በዚህ ርቀት የአንዱ ጥይት ፍጥነት ከሌላው በጥቂቱ ከተለየ ጉድ ይፈላል። 100 ሜትር ላይ የማይታየው ልዩነት 900 ሜትር ላይ ወደላይና ወደታች ተበትኖ ይወጣል። የፋብሪካ ጥይት ለብዙ ሰው ይሠራል፤ ለአንድ የተወሰነ ጠብመንጃ ተለክቶ ግን አልተሠራም። ተኳሹ ቤቱ የሚሞላው ለዚህ ነው። የኳስ ተጫዋች ታኬታውን በእግሩ ልክ እንደሚያሰፋው ማለት ነው።

ጥይት አራት ነገር ነው። ቀለሁ አለ፣ ባሩዱ አለ፣ ወጥቶ የሚሄደው አረር አለ። አራተኛዋ ቀለሁ ቂጥ ላይ የምትቀመጠው ትንሽ የብረት ቆብ ናት፤ ፕራይመር። የጠብመንጃው መርፌ የሚመታው እሷን ነው፤ እሷ ብልጭታ ታወጣለች፣ ብልጭታው ባሩዱን ይለኩሳል። ትንሿ ዓይነት 4.45 ሚሊ ሜትር፣ ትልቋ 5.33 ሚሊ ሜትር ስፋት አላት፤ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ነገር ግን ከአራቱ ውስጥ በመመታት ብቻ የምትፈነዳው እሷ ብቻ ናት። ባሩድ ሜዳ ላይ ቢለኮስ ነድዶ ያልፋል፤ ፕራይመር ግን ፍንዳታ ነው ሥራዋ። በውስጧ ያለው በእርሳስ የተቀመመ ቅመም ለዱላ የተሠራ ነው። ሌላውን ዕቃ በስህተት ብትመርጥ ነጥብ ትጥላለህ፤ ፕራይመር የምትከትበትን ዕቃ በስህተት ከመረጥክ የሚጠፋው ነጥብ ብቻ ላይሆን ይችላል።

እግረ መንገዳችንን አንዲት ጨዋታ እናንሳ። የዛሬው የአሜሪካ ፕራይመር የእንግሊዛዊው መኮንን የኤድዋርድ ቦክሰር ሥራ ነው። አሜሪካዊው ሃይረም በርዳን ደግሞ በዚያው በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሌላ ዓይነት ሠራ። ታዲያ አሜሪካኖቹ የእንግሊዙን ይዘው ቀሩ፣ አውሮፓ ደግሞ ለረጅም ዘመን የአሜሪካዊውን አነገሠ። ልክ እንደ «ሶከር» ማለት ነው፤ ቃሉን የፈጠሩት እንግሊዞች ናቸው፣ ዛሬ ግን ቃሉን የሚጠሩት አሜሪካኖች፣ የሚቆጡት እንግሊዞች። በቦክሰር ፕራይመር ውስጥ እንደ ቀጥቃጭ መስፍ የምታገለግል ትንሽ ብረት አለች፤ መርፌው ሲመታ ቅመሙ በቆቡና በዚህች ብረት መሀል ተጨፍልቆ ይፈነዳል። በበርዳን ግን መስፉ ያለው ቀለሁ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው የበርዳን ቀለህ አስቸጋሪ ሆኖ ቤት ውስጥ የሚሞሉት የማይወዱት።

ነገሩ ሁሉ የሚያያዘው ከዚህች ትንሽ መስፍ ጋር ነው። ፕራይመሯ ጉድጓዷ ውስጥ ስትገባ የመስፉ እግሮች የጉድጓዱን ወለል መንካት አለባቸው። ከነኩ በኋላ ትንሽ ጫን ይደረጋል፣ ከዚያ ይበቃል። ብዙዎቹ ልምድ ያላቸው ተኳሾች ፕራይመሯ ከቀለሁ ቂጥ ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ እንድትቀመጥ ይፈልጋሉ። የአንድ ወይም የሁለት ፀጉር ውፍረት ብትሉት አልተሳሳታችሁም። ወለሉን ሳትነካ ከቀረች መርፌው ሲመታት ጉልበቱ እሷን ወደ ውስጥ ለመግፋት ያልቅና ጥይቱ ይከሽፋል። ከልክ በላይ ከተጨፈለቀች ደግሞ ቅመሙ ይሰነጠቅና አንዱ ጥይት ከሌላው የተለየ ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ግን ከቀለሁ ቂጥ በላይ ወጥታ የቀረች ፕራይመር ናት። ኤም 1 ጋራንድን የመሰለ፣ መርፌው በምንም ስፕሪንግ ያልተያዘ ጠብመንጃ ሲቀባበል መርፌው በራሱ ጊዜ ወደፊት ሄዶ ፕራይመሯን ይነካታል። ፕራይመሯ ወጣ ብላ ከጠበቀችው ቃታ ሳይሳብ፣ ጠብመንጃው በደንብ ሳይቆለፍ ጥይቱ ሊፈነዳ ይችላል። ጋራንድ እኮ የሙዚየም ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ኦሃዮ ውስጥ ኢሪ ሐይቅ ዳር ባለው ካምፕ ፔሪ፣ ከ1907 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብሔራዊ ውድድር በሚካሄድበት ሜዳ፣ ለጋራንድ ብቻ የተዘጋጀ ውድድር አለ። ስለዚህ ማታ ጋራዥ ውስጥ የተሠራች የፀጉር ስፋት ስህተት ጠዋት ፊት ላይ ልትፈነዳ ትችላለች።

አሁን ወደ ዕቃው እንሂድ። በገበያው ላይ ያለው ብዙ ነው፤ ቤተሰቡ ግን ሦስት ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ከራሱ ከትልቁ መጭመቂያ ማሽን ጋር የሚመጣው ነው። ጥይት የሚሞላ ሰው ይህን ማሽን መግዛቱ ስለማይቀር ፕራይመር መክተቻው አብሮ ይሰጠዋል። ርካሽ ነው፣ ሌላ ወጪ የለውም። ችግሩ ጉልበቱ ነው። የማሽኑ እጀታ ረጅም ነው፤ የተሠራውም ብረት ለመጭመቅ፣ ቀለህ ወደ ልኩ ለመመለስ ነው። እንዲህ ባለ ጉልበት ይህችን ምስር የምታክል ነገር ስትገፋ ወለሉን ስትነካ አይሰማህም። በቦክስ ጓንት ክር መርፌ ውስጥ እንደማስገባት ነው። ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ ለሚሠራ ሰው ግን መጥፎ አይደለም፤ በርካታ አዛውንት ተኳሾች ከዚህ ሌላ ገዝተው አያውቁም።

ሁለተኛው በእጅ የሚያዘው ነው። መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ እንደ ብስክሌት ፍሬን ይጨመቃል፣ ፕራይመሯ ትገባለች። ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ የሚሠራበት ሰው ሞልቷል። ጥሩነቱ ጣት ነው። አጭር እጀታ ስለሆነ ፕራይመሯ መጀመሪያ ስትገባ፣ ከዚያ ወለል ስትነካ፣ ከዚያ ጫን ስትል ሦስቱም ለየብቻ ይሰማሉ። የላላ ጉድጓድ ያለው ቀለህ ሲመጣም ወዲያው ይታወቃል፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ሾልካ ትገባለች። ያንን ቀለህ ማውጣትና መጣል ነው። ይህን የነገረህ ጣትህ ነው፣ ሌላ መለኪያ አላስፈለገም።

ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው ነው። ከርካሹ እስከ ውዱ አለ። ውዱ ጥልቀቱን በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር እያስተካከልክ፣ ሺህ ጊዜ ብትከትት ሺህ ጊዜ እዚያው ላይ የሚያቆም ነው፤ ዋጋው ከ500 ዶላር በላይ ሊሄድ ይችላል። የእጁ መክተቻ በጥቂት አሥር ዶላሮች እየተገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ። አንዱ ወገን «ውዱን ግዛ፣ ጥልቀቱ ራሱን ይጠብቃል» ይላል። ሌላው «ጣት ይበቃል» ይላል። ሦስተኛው፣ በቁጥር የሚበልጠው፣ «ፈጣኑን ስጠኝ» ይላል። በሰዓት ስንት ይከታል? ትሪው ስንት ይይዛል? ሳይነካ ራሱ ያቀብላል ወይ? የዕቃ ሻጩም ማስታወቂያ የሚጮኸው በዚሁ በፍጥነቱ ነው።

የዚህ ገፅ አቋም ሦስተኛው ወገን ጥያቄውን ከጅራቱ ጀምሯል የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት ስንት ይከታል ሳይሆን አንዷ ብትፈነዳ አጠገቧ ስንት አሉ? ነው። ራሱ የሚያቀብለው የእጅ መክተቻ ትሪ ላይ እስከ መቶ የሚደርሱ ፕራይመሮች ተዘርግተው ይቀመጣሉ። ትሪው ያለው እጅ ላይ ነው፤ እጁ ያለው ከፊት አቅራቢያ። አንዷ ጎኗ ዞሮ ወይም ተጣማ ብትገባና ሰውየው በጉልበት ቢጨምቃት ልትፈነዳ ትችላለች። አንዷ ብቻዋን ከሆነች ድንጋጤና ምናልባት የተጫረ ጣት ነው። እሳቱ ወደ ትሪው መንገድ ካገኘ ግን መቶዎቹ በአንድ ጊዜ ነው የሚሄዱት።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። ሊ የተባለው የዊስኮንሲን ኩባንያ፣ ርካሽ የእጅ መክተቻን ለብዙ ሰው ያዳረሰው እሱ ነው፣ ከቀድሞው መክተቻው ጋር በሚሰጠው መመሪያ የትኛውን ፕራይመር መጠቀም እንደሚፈቀድ ለይቶ ፅፎ ነበር፤ ሲሲአይንና ዊንቸስተርን ፈቅዶ ፌደራልን ከለከለ። ምክንያቱም ፌደራል በቀላሉ የምትነሳ፣ ስሜቷ የቀረበ ፕራይመር ናት። ፌደራል ራሱ ፕራይመሮቹን እንዳይነካኩ አራርቆ ነው የሚያሽገው፤ ፓኬቱ ከሌሎቹ ፓኬት የሚገዝፈው ለዚህ ነው። ፋብሪካው ጎን ለጎን እንዳይነካኩ የለፋበትን ዕቃ አንተ ትሪ ላይ አፍስሰህ ብታንቀጫቅጨው ምን ይባላል? አርሲቢኤስ የሚባለው ሌላው ኩባንያ ደግሞ በእጅ መክተቻው ላይ ትሪውን ከምትገፋዋ ፕራይመር የሚለይ የብረት በር ሠርቷል። እጀታው ሲጨመቅ በሩ ይዘጋል፤ አንዷ ብትፈነዳ ከሌሎቹ ጋር አትገናኝም። ታዲያ ሁለቱ ዕቃዎች ሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ገዢው የሚያየው የዋጋውን ልዩነት እንጂ በሩን አይደለም። ይህቺን በር ነው አገላብጦ ማየት የሚገባው።

አንዳንድ አንባቢ «ጋዜጠኛ ፈሪ ነው፣ አደጋው እኮ አልፎ አልፎ ነው» ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ አልፎ አልፎ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ፕራይመሮችን ሳይደርስበት የከተተ ሰው ብዙ ነው። ግን በረኛም እኮ ጓንት የሚያደርገው በየኳሱ ጣቱ ስለሚሰበር አይደለም።

ፍጥነት ጭራሽ አያስፈልግም ማለታችንም አይደለም። በሽጉጥ እየሮጠ የሚተኩስ ተወዳዳሪ በዓመት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ጥይት ይጨርሳል። ይህን ሰው አንድ በአንድ ክተት ብትለው ልምምዱን ትቶ ከታች ሆኖ ይቀራል። እሱ የሚገዛው እጀታው በተሳበ ቁጥር አንድ ሙሉ ጥይት የሚያወጣውን ማሽን ነው። ያኛው ላይ ፕራይመሮቹ ቱቦ ውስጥ አንዷ በሌላዋ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ መቶ በአንድ ቱቦ። ዲሎን የተባለው የአሪዞና ኩባንያ ይህንን ቱቦ በወፍራም ብረት ሸፍኖታል፤ ነገሩ ከተበላሸ ፍንዳታው ወደ ጎን ወደ ሰውየው እንዳይሄድ። ልብ በሉ፤ እዚያ ላይ ፍጥነቱን የሸጠው ሰው መጀመሪያ መከላከያውን አሠለፈ። አጥቂ የምትደርበው ተከላካይ ካለህ ነው። ያለ ብረት ሽፋን ፍጥነት የሚሸጥልህን ሰው ግን ተጠንቀቀው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስሜቱ ነው። የኳስን ግፊት አስቡት። ሕጉ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ይላል፣ መለኪያም አለ። ሆኖም ሜዳ የኖረ ሰው ኳሷን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ «ይህቺ ለስልሳለች» ካለ ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። የእጅ መክተቻ የሚሰጠው ይህን አውራ ጣት ነው። ውዱ የጠረጴዛ መክተቻ የሚሰጠው መለኪያውን ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ግን ቅደም ተከተል አላቸው። ጣቱ ያልሰለጠነ ሰው መለኪያውን ቢገዛ ሁሉንም ፕራይመር እኩል ጥልቀት ላይ ያስቀምጣል፤ የጉድጓዶቹ ጥልቀት ግን ከቀለህ ቀለህ ይለያያል። ስለዚህ እኩል ጥልቀት ማለት እኩል ተጭኗል ማለት አይደለም። ቀለሁን መርጦ፣ ጉድጓዱን አፅድቶና ለክቶ ለሚሠራ የ1,000 ያርድ ተኳሽ ውዱ ዕቃ ዋጋው ይገባዋል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ 200 ሜትር ላይ ለሚተኩስ ሰው ግን ያ ገንዘብ በጥይትና በልምምድ ቢወጣ ይሻለዋል። እኛ አገርም እኮ የባለሙያ ታኬታ አድርጎ ኳስ መቆጣጠር ያቃተው ሰው አላጣንም።

በዚህ በኩል ለውዱ የምንሰጠው አንድ ምስክርነት አለ። እጁ የሚያመው፣ መገጣጠሚያው የሚቆረጥመው ሰው በእጅ መክተቻ ሁለት መቶ ቀለህ ከሠራ በኋላ ጣቱ ይደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት አይሰማም፣ ያልሰማ ጣት ደግሞ ይጨፈልቃል። ለዚህ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር፣ አጭር እጀታ ያለው መክተቻ ቅንጦት አይደለም።

ሌላ የማይወራለት ጉዳይ ከ2020 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) የነበረው እጥረት ነው። በኮሮና ዘመን አሜሪካ ውስጥ ፈላጊው በዛና ፕራይመር ከመደርደሪያ ጠፋ፤ የተገኘውም በእጥፍ ድርብ ዋጋ ነበር። ያኔ ሰው የሚወደውን ፕራይመር መምረጡን ትቶ ያገኘውን መግዛት ጀመረ። ዛሬ ሲሲአይ፣ ነገ ፌደራል፣ ከነገ ወዲያ ከውጭ የመጣ። አንድ ዓይነት ፕራይመር ብቻ እንዲጠቀም የተነገረው መክተቻ የያዘ ሰው ያን ጊዜ ምን ያድርግ? ወይ ሥራ ያቆማል፣ ወይ መመሪያውን ይጥሳል። ብዙው የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት ከባድ አይደለም። ዕቃ ስትገዛ ገበያው ጥሩ በሆነበት ቀን ብቻ ሳይሆን መጥፎ በሆነበት ቀንም የሚያገለግልህን ግዛ የምንለው ለዚህ ነው። ማንኛውንም ፕራይመር እንዲቀበል የተሠራ፣ ወይም አንድ በአንድ የሚያጎርስ መክተቻ እጥረት አያስደነግጠውም። አንድ በአንድ ማጉረሱ ያዘገያል፤ እናውቃለን።

ከሠራዊት የወጣ ቀለህ የሚሰበስብ ሰውም አለ። ርካሽ ነው፣ ጠንካራም ነው። ግን የኔቶ 5.56 እና 7.62 ቀለሆች ላይ ፋብሪካው ፕራይመሯ እንዳትወጣ የጉድጓዱን ጠርዝ ዙሪያውን ቀጥቅጦ ያስረዋል። አሮጌዋ ብትወጣም ያ የተቀጠቀጠ ጠርዝ እዚያው ይቀራል፣ አዲሷን አላስገባም ይላል። ይህን ጊዜ ነው ሰው ጉልበት የሚጨምረው። ረጅም እጀታ ያለው ማሽን ከሆነ ደግሞ ጉልበቱ እንደጨመረ እንኳን አይታወቀውም። መፍትሔው ጠርዙን በራሱ መሣሪያ አስቀድሞ ማስተካከል ነው። የእጅ መክተቻ የያዘ ግን መጀመሪያ ሲያስገባ እንቢ ማለቷን ጣቱ ስለሚነግረው ይቆማል። እዚህ ላይ ያ ርካሽ ዕቃ ከውዱ ማሽን ይበልጣል ማለት ነው።

ወጪውንም በደንብ መደመር ያስፈልጋል። አንዳንዱ መክተቻ የራሱ የሆነ የቀለህ መያዣ ይፈልጋል፤ ለማሽንህ የገዛኸው አይገባለትም። ለየቀለሁ ዓይነት ሌላ መያዣ ስትገዛ ያ «ርካሽ» ዕቃ ቀስ እያለ ውድ ይሆናል። ሌላው ያለ መያዣ ሁሉንም የሚይዝ ነው፤ ይመቻል፣ ግን አንዳንዱን ቀለህ እንደ ልዩ መያዣው አጥብቆ ላይዝ ይችላል። አንድ ዓይነት ጥይት ብቻ የሚሞላ ሰው ባለ መያዣውን ቢገዛ አይቆጭም።

የዓይን መነፅር ነገር ለክርክር አይቀርብም። የየትኛውም ኩባንያ መክተቻ ይሁን፣ ፕራይመር ሲከተት መነፅር ይደረጋል፣ ፊትም ከዕቃው አናት ላይ ይነሳል። ሲጋራ የለም። ምግብም የለም፤ ቅመሙ እርሳስ አለበትና ከሥራ በኋላ እጅ ይታጠባል፣ በተለይ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ። ፕራይመር ከመጣበት ፓኬት ወጥቶ በጠርሙስ አይጠራቀምም። የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ደንብ በመኖሪያ ቤት ከ10,000 በላይ እንዳይቀመጥ ይላል፤ በእጥረቱ ጊዜ ግን «ነገ አይገኝም» ብሎ ከዚያ በላይ ያከማቸ አልጠፋም። ጎረቤቱን ማን አማከረው?

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን መካከል ይህን ስፖርት የጀመረ ካለ አንድ ነገር ልብ ይበል። ብዙ ጊዜ ጀማሪ የሚገዛው ያገለገለ ዕቃ ነው። አንድ አዛውንት ስፖርቱን ሲያቆሙ ሙሉ ጠረጴዛቸውን በቅናሽ ይሸጣሉ፤ ዕቃው ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ የመመሪያ ወረቀቱ ግን ከጠፋ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ያ መክተቻ የትኛውን ፕራይመር እንደሚቀበል የተፃፈው ደግሞ እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ትሪው ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዞ ከሆነ፣ በሩ የማይዘጋ ከሆነ፣ ዘንጉ ከመሀል ካዘመመ ዋጋው ነፃ ቢሆንም ውድ ነው። ከዚያው ጠረጴዛ ላይ ፕራይመሯን በእንጨት መዶሻ እየመቱ የሚያስገቡበት አሮጌ መሙያም ሊገኝ ይችላል፤ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያለች፣ የምታምር። በእሷ የሚምሉ ብዙ ናቸው፤ አልፎ አልፎ «ጧ!» ብላ እንደምታስደነግጥ የሚናገሩትም ራሳቸው ናቸው። ሻጩን ጠይቀህ የዕቃውን ሞዴል ፅፈህ ያዝ፣ ከዚያ አምራቹ ዘንድ መመሪያውን አስልክ። ወረቀቱ እጅህ እስኪገባ ድረስ ትሪው ባዶውን ይቀመጥ።